ከንክኪ ነፃ የሆነው ሱቅ

መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ አፈር የለም። ከአውቶቡስ ተራ ተነስታችሁ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብትወርዱ አስፋልት ታያላችሁ፣ ኮብልስቶን ታያላችሁ፣ ሲሚንቶና የተጣለ ካርቶን ታያላችሁ፤ ሲዘንብ ደግሞ ስሙ የማይጠራ ጥቁር ነገር ትረግጣላችሁ። ዘር ተዘርቶበት የሚበቅል አፈር ግን ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም። እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰፈር ነው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ኮሚቴ የተቋቋመው።

ኧረ ለምን? አትሉም? እቅዱ ከላይ ነዋ የወረደው! ሲወርድም ለገጠሩም ለከተማውም እኩል ወረደ፤ ተራራ ላለውም አስፋልት ላለውም ያው አንድ እቅድ። ወረዳው ደግሞ "እኛ ጋ አፈር የለም" ብሎ መልስ አይጽፍም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ውሎ አያድርም። ስለዚህ ኮሚቴ ተዋቀረ፣ ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ማኅተም ተቀረጸ፤ የቀረው አፈሩ ብቻ ነበር።

እትዬ አመተ ሥላሴ ኮሚቴው ውስጥ የገቡት በአፈር ፍቅር ተይዘው አይደለም። ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ፣ ምላሳቸው ስለታም፣ ሆዳቸው ግን ቶሎ የሚባባ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው የሚገባው። ከፊቱ የሚያልፈው የጎርፍ ቱቦ ደግሞ በፌስታል ከታፈነ ከርሟል። ክረምት በገባ ቁጥር ቱቦው እምቢ ያለው ውሃ ሁሉ እሳቸው ጋ ይገባል። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ብለው ከሽሮ ሜዳ ያስመጡት ነጠላ አምና በነሐሴ ሻግቶባቸው፣ ሰው እያያቸው ባንኮኒው ላይ ተደፍተው አልቅሰዋል። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም ነበር ጭንቀታቸው። ቱቦው ይጠረግልኝ አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ወረዳ ሄዱ። ጽዳት ክፍል "መንገድ ክፍልን ጠይቁ" አለ። መንገድ ክፍል "ቱቦው ውስጥ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ውሃ" አሉ። "ውሃ ከሆነማ የኪዳነወልድ ነው" ተባሉ።

ኪዳነወልድ የአዲሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ልጅ እግር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ "ከዚህ አንፃር" ሳይል ንግግሩ የማያልቅለት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

"እናቴ፣ ቱቦ መጥረግ የእኛ ተግባር አይደለም" አላቸው ወንበር እየሳበላቸው። "ነገር ግን ኮሚቴ ውስጥ ቢገቡ ጉዳይዎን ከውስጥ ሆነው ከማንሳት አንፃር ይጠቅምዎታል።"

"ሻይ አለው?" አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ በንዴት።

"ሻይም ውሃም አለው።"

ገቡ። ምን ያድርጉ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ዋናው ስብሰባ የተጠራው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ ያልተነካ በጀት ተመላሽ ይሆናል፤ ለወረዳ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ውርደት የለም። ኪዳነወልድ ላብ ላብ እያለው ተነሳ። "የምንጠብቀው አፈር ባለመኖሩ ክፍተት ተፈጥሯል" አለ። "ስለዚህ አፈር እናስመጣ። ሱቆች ፊት እርከን እንሥራበት። ከዚያ እንጠብቀዋለን።"

አዳራሹ ዝም አለ። ሐሳቡ ገርሟቸው እንዳይመስላችሁ፤ እሱስ እንደ ደንቡ ተጨብጭቦለታል። ዝም ያሉት "ማን ሱቅ ፊት ይሁን?" የሚለው ሲመጣ ነው። ነጋዴው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። የኪዳነወልድ ዓይን ወደ ፊት ረድፍ ዞሮ ሙነወር ላይ ቆመ።

ሙነወር የእትዬ አመተ ሥላሴ ጎረቤት ነው፤ የስልጤ ልጅ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ሻጭ፣ መርካቶ ያሳደገችው አራዳ። ያፍራል ሲሉት እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ።

"እኔ ሱቅ ፊት ይሁን!" አለ። "ወላሂ፣ ለማንም እንዳትሰጡብኝ። ሱቁ ፊት ሞዴል የተሠራለት ሰው እኮ አለፈለት። ዛሬ እርከን፣ ነገ ቱቦ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ ንጣፍ። ብቻ ወሬው ከዚህ እንዳይወጣ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሸማ ተራ ላይ አልሸጥ ያለ ጋቢ ሲኖር ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤቱ ደንበኛው ፊት ይመጣና "እትዬ፣ ያቺን ጋቢ ለእኔ ያስቀምጡልኝ ብዬ አልነበር?" ብሎ ይቆጣል። ደንበኛው ያን ጊዜ ጋቢውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ዋጋ እንኳን መከራከር ይረሳል። ይህን ዘዴ ለሙነወር ያስተማሩት ማን ናቸው? እትዬ አመተ ሥላሴ ራሳቸው! ስንት ጊዜ የውሸት ገዢ አድርገውት በሳቅ ፈርሰዋል። ሰው ግን በራሱ ወጥመድ ሲያዝ አይታወቀውም፤ በተለይ መርካቶ ያደገ ሰው፣ ሌላው የፈለገውን ነገር አለመፈለግ አይችልም።

"በል ዝም በል!" ብለው ተነሱ። "ጎርፉ እኔ ጋ፣ ሞዴሉ አንተ ጋ? በየት አገር? እኔ ሱቅ ፊት ነው የሚሆነው!"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ አስቀድሜ እኮ ነው የጠየቅኩት..."

"አሻፈረኝ!"

ሙነወር ትንሽ ተከራከረ፣ ትንሽ ተቆጣ፣ በመጨረሻ አንገቱን ሰብሮ "ይሁን፣ ለእርስዎ ስል ነው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ አመተ ሥላሴም አሸንፈው ወጡ።

ገልባጭ መኪናው በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ ቀዩን አፈር ዘረገፈው። ድንጋይ ስላልተገኘ እርከኑ በብሎኬት ተሠራ። ችግኝ ተተከለበት። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ሔርሜላ ሰብሳቢውን አካፋ አስይዛ ከዚህም ከዚያም ፎቶ አነሳችው። እትዬ አመተ ሥላሴ ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና ድንገት ደነገጡ።

"ቱቦው የታለ?"

"ከሥር ነው" አለ ኪዳነወልድ። "አይዞዎት፣ ምንም አይነካውም።"

ከወዲያ ሙነወር በፍራሾቹ መሃል አፉን በመዳፉ ይዞ ይንፈቀፈቃል። ያኔ ገባቸው።

"አንተ ቀጣፊ! በገዛ ዘዴዬ?"

"እትዬ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለ እንባውን እየጠረገ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሐምሌ ገባና አንድ ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። ብሎኬቱ ፈረሰ፣ ችግኙ ተነቀለ፣ ያ ሁሉ ቀይ አፈር ከውሃው ጋር ሁለቱን ደረጃ ወርዶ ሱቁን ሞላው። ሙነወር ሲያይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ዘሎ ገባ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ እየመጣ ሸማውን በክንዱ እያቀፈ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለ። ላይ የደረሰው ዳነ። ታች የቀረው ጋቢና ነጠላ ግን ቀይ ሆነ። እትዬ አመተ ሥላሴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው "ወይኔ እኔ አመተ ሥላሴ! ለእንቁጣጣሽ ምን ልሸጥ ነው?" እያሉ አለቀሱ። ሙነወርም "በእኔ ጦስ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" እያለ አብሯቸው አለቀሰ።

በማግሥቱ ኪዳነወልድ ከክፍለ ከተማ የመጡ ገምጋሚዎችን አስከትሎ ደረሰ። የፈረሰውን እርከን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብሎ ሱቁ ውስጥ አየ። አፈሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተኝቷል። ቀስ በቀስ ፊቱ መብራት ጀመረ።

"ከወረዳችን ክልል የወጣ አፈር አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"የለም" አሉ ገምጋሚዎቹ እያዩ።

"እንግዲያው አልተሸረሸረም! ጎርፉን ተቋቁሞ ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል ማለት ነው!"

ገምጋሚዎቹ ጻፉ። ከመካከላቸው ሸምገል ያለው እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ ወረዳ አይቼ አላውቅም አለ፤ እውነቱን ነው። እዚያው በሩ ላይ ገመድ ተወጠረ፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ይህ አፈር ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን የተከለለ ነው።"

"እኔስ?" ብለው ጮኹ እትዬ አመተ ሥላሴ። "በገዛ ሱቄ የት ልግባ? እኔ ሰው አይደለሁም?"

"እርስዎ ኮሚቴ ነዎት" አለ ኪዳነወልድ በአክብሮት፣ ገመዱንም ከፍ አድርጎ አሳለፋቸው።

ከዚያ የልምድ ልውውጥ የሚሉት ነገር መጣ። ከየክፍለ ከተማው ሰው በመኪና እየተጫነ ወረደ። መጀመሪያ የመጡት ስስ ኮት ለብሰው ዝናብ የመታቸው፣ ጥርሳቸው የሚንገጫገጭ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እየተንቀጠቀጠ ባንኮኒው ላይ የተጣለውን ቀይ ጋቢ አየ።

"ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

እትዬ አመተ ሥላሴ "ተበላሽቶ ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የነጋዴ አፍ መች ለባለቤቱ ይታዘዛል።

"የእርከን ጋቢ ነው" አሉ። "በራሱ በተጠበቀው አፈር የተነከረ። አይለቅም።"

ሰውየው ገዛ። አብረውት የመጡትም ገዙ፤ ያልያዘ ሰው ስብሰባውን ያልተካፈለ እንዳይመስልበት ሰጋ። የሚቀጥሉት እንግዶች ከመኪና ሳይወርዱ ስለ ጋቢው ጠየቁ። ነሐሴ ሲገባ ጭቃ የነካው ሸማ አለቀና እትዬ አመተ ሥላሴ ንጹሑን ከመደርደሪያ እያወረዱ አፈሩ ላይ ማሸት ጀመሩ! ጉድ እኮ ነው። ያን ነጠላ ከጭቃ ለማዳን ስንት ደጅ የጠኑ ሴት። ኪዳነወልድም ደስ ብሎት ምክትል ሰብሳቢ አደረጋቸው፤ የጉብኝቱን ቀን የሚቆርጡት እሳቸው ሆኑ።

ታዲያ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል አይደል? ቱቦው አፈር ጠጥቶ ደርቋል፤ የእትዬ ሱቅ ሞልቷል። የነሐሴ ጎርፍ ቢቸግረው ወደ ሙነወር ዞረ። ፍራሾቹ ውሃውን ጠጡት። ስፖንጅ ነዋ፣ ሌላ ምን ያውቃል? ሙነወር ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ገመዱ አጠገብ ቆመ። ገመዱን ግን አላለፈም።

"እትዬ፣ አፈር ስሆን" አለ። "ቱቦውን ልክፈተው። ማንንም አላስቸግርም፣ አፈሩን በራሴ ጉልበት አነሳዋለሁ። እርስዎ እሺ ይበሉኝ ብቻ። ኪዳነወልድ ምክትሏ ከፈቀዱ ብሎኛል።"

እትዬ አመተ ሥላሴ ጋቢ እያጠፉ ነበር። ቀና ሳይሉ "እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም፣ ሙነወር" አሉ። "ከጉብኝቱ አንፃር አሁን አፈሩን ማንቀሳቀስ ያስቸግራል። አጀንዳ አስይዝና መስከረም ላይ..."

ሙነወር አፉን ከፍቶ አያቸው።

"እትዬ... እኔ እኮ ነኝ" አለ። ዞሮም ሄደ።

ሲሄድ እግሩን አዩት፤ ያን ቀን ሸማቸውን ለማዳን ዘሎ ሲገባ እንደነበረው ባዶ እግሩን ነው። "ምን ሆኛለሁ? ምን ነካኝ እኔ?" አሉ ጮክ ብለው። አፈሩ፣ ኮሚቴው፣ ከሁሉም በላይ የገዛ አፋቸው አስጠላቸው። ነጠላቸውን አሸንፍጠው አካፋ አነሱ፣ ገመዱን በጠሱ፣ ደረጃው ሥር ቱቦው ያለበትን ቦታ መቆፈር ጀመሩ። አንድ አካፋ ጣሉ። ሌላም ጣሉ። ከሥር የቱቦው ብረት ክዳን ብቅ አለ።

ያኔ አንድ ኮስተር መኪና መጥቶ ቆመ። ሰዎች እየተጋፉ ወረዱ፤ ከሩቅ ክፍለ ከተማ የመጡ፣ ዝናብ የመታቸው፣ ብዙ። "የእርከን ጋቢ የሚሸጠው እዚህ ነው?" አለች ከፊት የቀደመችው ሴት።

እትዬ አመተ ሥላሴ ክዳኑን አዩ። እንግዶቹን ቆጠሩ። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"አዎ፣ እዚህ ነው። ግቡ፣ ግቡ። ብርዱ አይምታችሁ።"

እንግዶቹ ገብተው ጋቢ ሲያማርጡ፣ ሴትዮዋ በበሩ አሻግራ አየች። ጎረቤት ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ውሃ ላይ ቆሞ ፍራሽ ይጨምቃል፤ ጨምቆ ያስቀመጠው ተመልሶ ይጠጣል።

"እዚያ ደግሞ ምንድን ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀች ብዕሯን አዘጋጅታ።

እትዬ አመተ ሥላሴ እጃቸው ላይ ያለውን ጋቢ ማጠፍ ጀመሩ።

"አፈሩ የሚጠበቀው እኔ ጋ ነው" አሉ። "ውሃው እሱ ጋ።"

እንግዶቹ ጻፉት፣ አጨበጨቡም። ሙነወር ጭብጨባውን ሰምቶ ከፍራሹ ላይ ቀና አለ። እትዬ አመተ ሥላሴ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ጋቢ ማውረድ ቀጠሉ።