ወንድ ያየው ቆጮ

የባሂራ እናት ሃሊማ አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ቡታጅራ ገበያ ላይ ቆጮ የሚገዛት ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ግትርነት ከየት አመጣችው ቢባል ታዲያ ከጎረቤት አልተበደረችውም።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑ ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር፤ ገበሬው አንድ ለአምስት፣ ሴቶቹ አንድ ለአምስት፣ ተማሪውም አንድ ለአምስት። የአስራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪ መምህር ያረጋል፣ ከጎጃም መጥተው ቡታጅራ የቀሩ ሰው፣ አንድ ቀን ክፍል ገብተው፣ "የፕላዝማው ቴሌቪዥን ይለፈልፋል፣ እናንተ ታንቀላፋላችሁ፤ ይሄ ነገር ይብቃን" አሉ። በየቡድናችሁ ኢንተርኔት ላይ የሳይንስ ብሎግ ክፈቱ፤ ከሰፈራችሁ አንድ ጥያቄ አንሱ፤ ሞክሩት፤ የሆነውን በየሳምንቱ ጻፉ፤ ማንም ካለበት ሆኖ አንብቦ መልስ ይጻፍላችሁ አሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን ክፍል ፊት ቆሞ ስለ ሥራው ይናገራል፤ የተመረጠው ቡድን ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ያቀርባል፤ ላቦራቶሪውንም ያያል፤ እዚያው አድሮ ይመለሳል።

ባሂራ ላቦራቶሪ የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላው ቃል በጆሮዋ አልገባም። ማይክሮስኮፕ የምታውቀው በፕላዝማ ነው፤ እሱም መብራት ካልሄደ። አሁን ግን ዓይኗን አስጠግታ ልታይበት ነው።

በባሂራ ቡድን ከተመዘገቡት ልጆች ሥራ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ የቀሩት ስማቸውን ሰጥተው ጠፍተዋል። አንዷ ባሂራ ናት። ሁለተኛው ራምዚ ነው፤ አባቱ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፣ እሱ ደግሞ ቀልድ በነጻ ያድላል። ሦስተኛዋ ቤዛ ናት። አባቷ ከሰሜን ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ጣቷ ይበርራል፤ እንሰት ግን ከአጥር ውጭ ሆና ከማየት በቀር አታውቅም።

ጥያቄውን ያመጣችውም ይህችው የማታውቀው ናት።

"ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ እንጻፍ" አለች። "ባሂራ፣ እናትሽ እንሰት ሲፍቁ ሦስታችንም ሄደን እንይ።"

ራምዚና ባሂራ ተያይተው ሳቁ።

"እኔ? እንሰት ሲፋቅ?" አለ ራምዚ። "በመጥረጊያ ነው የሚያባርሩኝ!"

ባሂራ አስረዳቻት። እናቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ እዚያ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። እንዲብላላ የተቀበረውንም ቆጮ ወንድ ሄዶ አያየውም። ካየው ይበላሻል ይባላል።

"ማን አይቶት ተበላሸ?" አለች ቤዛ።

ባሂራ አሰበች፤ አሰበች፤ አንድ ሰው አልመጣላትም። ከዚያ ሦስቱም በአንዴ፣ "ጥያቄያችን ይሄ ነው!" ብለው ጮኹ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሰፍያ ደንግጣ እስክሪብቶዋን ጣለች።

ሃሊማን መለመን ግን የባሂራ ዕዳ ሆነ። ትቆጣለች ብላ ስትፈራ እናቷ ሳቀች።

"ይበላሻል" አለች። "ይህን ለማወቅ ነው ኢንተርኔት የሚያስፈልጋችሁ?"

"ካልተበላሸስ እማዬ?"

"ይበላሻል አልኩሽ።"

"ካልተበላሸ ጉብሬ ሄጄ እንዳድር ትፈቅጂልኛለሽ?"

ሃሊማ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሴት ልጅ ከቤት ውጭ ስታድር አትወድም፤ ነገሩን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ አይሆንም ብላለች። ግን በሰው ፊት ተከራክሮ መርታት ደግሞ ከማር ይጥማታል።

"እሺ" አለች። "ካልተበላሸ ትሄጃለሽ። ከተበላሸ ግን የጉብሬን ስም በዚህ ቤት አታነሺም። ወላሂ በዪ።"

"ወላሂ!"

አንድ እንሰት ሰጠቻቸው። ባሂራና እናቷ ፋቁ፤ ቤዛም ለመሞከር ተቀምጣ ልብሷን አበላሸች። የተፋቀውን እኩል ከፍለው፣ ከጓሮው ጥግ ጎን ለጎን በተቆፈሩ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች፣ በአንድ ዓይነት ኮባ ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነው ቀበሩት። አንዱ ራምዚ የሚያየው ነው። ሌላው የወንድ ዓይን የማይደርስበት።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ደስታ ለማን ይነገራል! በየሳምንቱ ራምዚ ፀጉሩን አበጥሮ ይመጣል። ሃሊማ ፊቷን አዙራ ቤት ትገባለች። ባሂራ ድንጋዩን ታነሳለች፣ ኮባውን ትገልጣለች፤ ራምዚ ጎንበስ ብሎ፣ "አሰላሙ ዓለይኩም ቆጮዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?" ይላል። ቤዛ በሞባይሏ ፎቶ ታነሳዋለች። ከዚያ ሮጠው ኢንተርኔት ቤት፤ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነው፣ ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ፣ ፎቶው ሲጫን ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ።

መልሱ መጉረፍ ጀመረ። አንዱ ከመርካቶ፣ "እኔ ልጅ ሆኜ ተደብቄ አይቻለሁ፣ ምንም አልሆነም" ይላል። አንዷ ከእምድብር፣ "ውሸቱን ነው፣ እናቱ ደብቀውት ነው እንጂ ተጥሏል" ብላ ታፋጥጠዋለች። እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ባሂራ እየጮኸች ታነባለች፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ከማሉም ሥራውን ትቶ አብሮ ይስቃል። ከተማው ውስጥ የራምዚ ስም ተቀየረ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩት ጥሩምባ እየነፉ፣ "የቆጮው እጮኛ! ሰርጉ መቼ ነው?" ይሉታል። እሱም እጁን ያወዛውዝላቸዋል።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ሃሊማ ራምዚን ከአጥር ውጭ አቆመችው። መጀመሪያ ወንድ ያላየው ተከፈተ። ነጭ፣ ሽታውም የደህና ቆጮ ሽታ። ሁለተኛው ሲገለጥ ቤዛ አፍንጫዋን ያዘች። ላዩ ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ ሻግቷል።

"አላልኩም!" ብላ ሃሊማ አጨበጨበች። "እናንተ ሰዎች አላልኩም!"

"ምን ሆነ?" ይላል ራምዚ ከአጥር ውጭ። "ንገሩኝ እንጂ!"

ባሂራ የሻገተውን ቆጮ እያየች ቆመች። ጉብሬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ መሰላት። ማታውኑ ቤዛ ብሎጉ ላይ የሆነውን ሳትደብቅ ጻፈችው፤ የእምድብሯ ሴትዮ የደስታዋን ብዛት ስትጽፍ ቦታ አልበቃትም።

ስለ ሥራቸው የሚናገሩበት ቀን ሲመጣ ወላጆችም ተጠርተው ነበር። ሌላ ጊዜ ትምህርት ቤት የማትረግጠው ሃሊማ ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ድሏን ልትሰማ ነው የመጣችው።

"ውጤቱን አታንብቡልኝ" አሉ መምህር ያረጋል። "እሱ ብሎጋችሁ ላይ አለ። ምን እንዳሰባችሁ፣ ምን እንደተሳሳታችሁ፣ እንደገና ብትጀምሩ ምን እንደምትለውጡ ንገሩን።"

ቤዛ ቀደመች። "ድሮ የምጽፈው ለመምህር ነበር" አለች። "መምህር ደግሞ ጨርሰው አያነቡም።" ክፍሉ ሳቀ፤ መምህር ያረጋልም ሳቁ። "ብሎግ ላይ ግን አንድ ቃል ብሳሳት ከመርካቶ ይወርድብኛል። ሰው ያነበኛል ብዬ ስጽፍ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አነብ ነበር፤ ግን ደስ ይል ነበር።"

ራምዚ ቀጠለ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። "እኔ እውነቱን ልናገር? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ድስት ሲከፈት ፊቴን አዞራለሁ። ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር ቢኖርስ?"

"መነጽር ግዛ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ራምዚ ግን አልሳቀም።

ተራዋ ደረሰ። ምን እንደምትል አላሰበችም፤ እጇ የሠራውን ለመናገር ጀመረች። "እኔ... ሥራዬ መክፈት ነበር። በየሳምንቱ ድንጋዩን አነሳለሁ። ኮባውን እገልጣለሁ። ራምዚ ያያል። ቤዛ ፎቶ ታነሳለች፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ክፍት ነው። ከዚያ መልሼ እከድናለሁ። ያኛውን ደግሞ..."

"ያኛውን ምን?" አለች ቤዛ።

ባሂራ በእጇ አፏን ያዘች። እጆቿ አየሩ ላይ ድንጋይ የሚያነሱ፣ ኮባ የሚገልጡ ይመስል መልሰው ተንቀሳቀሱ።

"ያኛውን አልከፈትነውም! ቤዛ! ያኛውን እኮ አንድም ቀን አልከፈትነውም!"

"ወንድ እንዳያየው ነዋ" አለ ራምዚ።

"ወንድ እንዳያየው ብለን ተውነው! ሴት እኮ ልትከፍተው ትችል ነበር! እኔ ልከፍተው እችል ነበር! ያንተኛው ግን በየሳምንቱ አየር ገባው፣ ዝንብ አረፈበት፣ አንተም ሰላም እያልክ ትንፋሽህን ለቀቅክበት!"

ክፍሉ ተናወጠ። ቤዛ ወንበር ላይ ወጣች። ሰፍያ ከመሃል ተነስታ፣ "እንግዲያው ራምዚ ነጻ ነው!" ብላ ጮኸች።

"ነጻ አላልንም" አሉ መምህር ያረጋል፤ እሳቸውም ድምፃቸው ከፍ ብሏል። "ማስረጃ የለም ነው ያልነው! ዓይኑ ይሁን አየሩ አልተለየም። እንዴት ይለያል?"

"ሦስተኛ ጉድጓድ!" አለች ባሂራ። "በየሳምንቱ ሴት የምትከፍተው፣ ወንድ የማያየው!"

መምህር ያረጋል ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። "ጉብሬ የሚሄደው ይሄ ቡድን ነው" አሉ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሃሊማ ከኋላ ተነሳች።

"አትሄድም" አለች።

የሴትዮዋን ፊት ያየ ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

"ወይዘሮ ሃሊማ..." አሉ መምህሩ።

"ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም፣ መምህር። እኛ ቃል አለን። ከተበላሸ አትሄድም ተባብለናል፤ ተበላሽቷል።"

ባሂራ ማልቀስ ትችል ነበር፤ እናቷ ግን በእንባ የምትረታ ሰው አይደለችም።

"እማዬ፣ አንቺ ቀብረሽ በየሳምንቱ ትከፍቻለሽ?"

"ምን ቆርጦኝ!" አለች ሃሊማ ሳታስበው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃሊማ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየች። "ምን ያስቃችኋል? ብከፍተውም አይበላሽም! የሴት እጅ ነው!"

"አይበላሽም?"

"አይበላሽም!"

"እሺ" አለች ባሂራ። "ቃል ቃል ነው፤ እቀራለሁ። ግን አንቺም አልረታሽም።"

"አልረታሽም ነው ያልሽኝ?"

"አልታወቀማ። ቤዛ ማታ ብሎጉ ላይ እንደዚያ ብላ ነው የምትጽፈው።"

ሃሊማ ወደ ቤዛ ዞረች። "አልታወቀም ብለሽ?"

"አዎ፣ እትዬ ሃሊማ" አለች ቤዛ እየፈራች። "የመርካቶው ሰውዬም ያነቡታል።"

"ያ ተደብቆ ያየው ውሸታም?" ልጇ ማታ ማታ እቤት ስታወራ ሰምታ ነበርና ሁሉንም ታውቃቸዋለች። "እሱ ሊደሰትብኝ? በፍጹም! ሦስተኛው ይቀበራል። እኔው እከፍተዋለሁ፣ በየሳምንቱ። ወንድ የተባለ ፍጡር በአጥሩ አያልፍም። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያኔ ጉብሬ ድረስ ሄዳችሁ ሃሊማ ትክክል ነበረች ትላላችሁ!"

"ጉብሬ የሚኬደው እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለች ባሂራ። "አሁን ሄጄ ያልታወቀውን ካልነገርኩ፣ በኋላ የታወቀውን ማን ይሰማኛል?"

ሃሊማ ልጇን አየቻት። ያን ከላይ እስከ ታች የሚለካ አተያይዋን። ልጅቷም ዓይኗን አልሰበረችም።

"መምህር" አለች ሃሊማ በመጨረሻ፤ "ሴቶቹ የሚያድሩት ለብቻቸው ነው?"

"ለብቻቸው ነው። የሴቶች ማደሪያ አለ፤ አንዲት መምህርትም አብራ ትሄዳለች።"

"ትሂድ እንግዲህ" አለች። ባሂራ እየጮኸች መጥታ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ግን ገፋ አደረገቻት። "ቆይ፣ አልጨረስኩም! እዚያ ስትቆሚ እናቴ ተረታች ካልሽ አልምርሽም። አልተረታሁም።"

"አልተረታሽም፣ እማዬ! ገና ነው!"

ራምዚ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሃሊማ ስታልፍ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"አንተ ልጅ፣ ምን መሬት መሬት ታያለህ?" አለችው። "ቀና በል። ዓርብ ከሶላት በኋላ አካፋህን ይዘህ ና። ጉድጓዱን የምትቆፍረው አንተ ነህ።"

"እኔ? አጥሩን እንዳልፍ ይፈቅዱልኛል?"

"ባዶ ጉድጓድ ማየት ማን ከለከለህ?" አለች ሃሊማ።