ጉልበት ለጉልበት

አሰልጣኝ ቱይቶክ ሁለት ሯጮቹን ተደግፎ ኤልዶሬት ከተማ ወደሚገኘው ሆስፒታል ሲገባ የአጥንት ሐኪሟን አላወቃትም። እሷ፣ ጄቢዎት፣ ግን ገና በሳሉ ድምፅ ለየችው።

ኢቴን በምትባለው የሯጮች መንደር ሯጭ ሳለች ያሠለጥናት እሱ ነበር። የጉልበቷ ልም አጥንት ሲቀደድ ለውድድር እንድትደርስለት ሕመም የሚያደነዝዝ መርፌ እየወጋ አስሮጣት። ኋላ ተበጣጥሶ ሲያልቅ ሐኪሞች ቆርጠው አወጡት፤ ሩጫም በዚያው ቀረ። "የደረቀች ላም አልቀልብም" ብሎ ከሥልጠና ካምፑ አባረራት። ቂሟን ይዛ ሕክምና ተማረች።

የቱይቶክን ጉልበት ራጅ ብርሃን ላይ ሰቀለችው።

"አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው፤ ጉልበትዎ በሰው ሠራሽ መተካት አለበት።"

"ኧረ መርፌ ውጊኝና ልሂድ! ሻምፒዮናው ደርሶብኛል። ካልሆነም በትንሽ ቀዳዳ ገብተሽ ጥረጊልኝ።"

"ያለቀ ጎማ ቢያጥቡት አዲስ አይሆንም።"

ከደገፉት አንዷ፣ ጄሮፕ የምትባለው ፈጣኗ ሯጩ፣ ልትቀመጥ ስትል ፊቷ ተጨማደደ።

"እስኪ እግርሽን አሳዪኝ" አለቻት ጄቢዎት።

"እሷ ምንም አልሆነችም!" አለ ቱይቶክ ፈጠን ብሎ።

ጉልበቷ አብጧል፤ ጎኑ ላይ የመርፌ ምልክት አለበት። የጄቢዎት ደም ፈላ። አስመረመረቻት።

"ልም አጥንትሽ ተቀዷል። አሁን ከሰፋሁት ትሮጫለሽ። ከሮጥሽበት ግን ተቆርጦ ይወጣል።"

"ከሻምፒዮናው በኋላ ትሰፊዋለሽ! እኔ ያለሷ ማን አለኝ?"

"ማንም።" ቃሉ ጄቢዎት አፍ ላይ ጣፈጠ።

ቱይቶክ አፈጠጠባት። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የኪፕሮኖ ልጅ ጄቢዎት ነኝ። ያባረርከኝ።"

ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ልትበቀይኝ ነዋ!"

"አዎ።"

ጄሮፕ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሐኪሟን አየች። "ዶክተር፣ ስፊልኝ" አለች እንባዋ እየወረደ። ቱይቶክ ቢሳደብም፣ ቢለምንም አልሰማችውም።

ሻምፒዮናው ያለ ጄሮፕ አለፈ፤ ካምፑም ባዶ እጁን ተመለሰ። ቱይቶክ ሕመሙ ሲብስበት ሌላ ሐኪም ፍለጋ ዞረ፤ ሁሉም ወደ ጄቢዎት መለሱት። ከወገቡ በታች አደንዝዛ ጉልበቱን ከፈተችው። አጥንቱን የምትመታበት መዶሻ ድምፅ ሲያስተጋባ ከመጋረጃው ወዲያ ተርበተበተ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ያንተ አጥንት ነው። ስማው።"

እጇ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። አንካሳ ሆኖ ሰው እንዲያዝንለት አልፈለገችም።

በዓመቱ ጄሮፕ በሌላ አሰልጣኝ ሠልጥና ናይሮቢ ላይ አሸነፈች። ስታዲየሙ በጩኸት ሲናጥ ቱይቶክ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ከተመልካቹ መሀል የነበረችው ጄቢዎት ሩጫውን አላየችም፤ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሱን ፊት ስታይ ዋለች።