ቆጥ ላይ የከረሙት ጎማዎች

እስቲ ንገሩኝ፤ ጎማ እንደ ሞፈር ጢስ ላይ ይሰቀላል?

አትሳቁ። እናንተም ለክፉ ቀን ብላችሁ የሸሸጋችሁት፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ከተሸሸገበት ተበላሽቶ የወጣ አንድ ነገር አይጠፋችሁም። እኛ የሸሸግነው አምስት ጎማ ነው።

የምንኖረው ከሞላሌ በላይ፣ የጓሳ ሣር ከሚጀምርበት ዳር ባለች ቀበሌ ነው። እድራችን አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና አለችው። ሕዝቡ በጎቹን ሸጦ የገዛት ለሌላ ሥራ አይደለም፤ ምጥ የጠናባትን ሴት መሐል ሜዳ ሆስፒታል እንድታደርስ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ወላድ የምትሄደው በቃሬዛ ነበር። ከሄዱትም ያልደረሱ ብዙ ናቸው።

ባለፈው ግንቦት የመኪናዋ ጎማዎች ጥርሳቸው አለቀ። እድሩ እኔንና ሾፌሩን መሳፍንትን መርጣችሁ ግዙ ብሎ ደብረ ብርሃን ላከን። እኔ እምሩ ኬሚስትሪ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መሳፍንትም ተማሪዬ ነበር። ባለሱቁ መንገዳችን ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀን።

"ጠዋት አመዳይ፣ ቀን ኮረት፣ ማታ ጭቃ ነው" አለው መሳፍንት።

"በየትኛው ወቅት?"

"በአንድ ቀን።"

ባለሱቁ ስቆ መጀመሪያ ትልልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ አሳየን። መሳፍንት ጥፍሩን በጎማው ጥርስ መሐል አስገብቶ ለካና "ይሄ ጭቃውን ይወጣዋል፣ ኮረቱ ግን በዓመቱ ይጨርሰዋል" አለ። ቀጥሎ ያመጣልን ለስላሳ ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለእኛ አይሆንም። በመጨረሻ ለሁሉም ወቅት የተሠራውን አወጣ። ጥርሱ መካከለኛ፣ ጎኑ ወፍራም፣ በብርድ የማይደርቅ ነበር፤ በአግባቡ ከተያዘ አምስት ዓመት ይሄዳል አለን። ተስማማን። ሰውየው ግን ከደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ሲመታቸው ከዋሉት አንሥቶ ሊሰጠን ሲል ደሜ ፈላ።

"እነዚህን ለባላንጣህ ሽጥ!" አልኩት። "ሙቀት ጎማን ያደርቀዋል። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ይህን ሳታውቅ ነው ጎማ የምትነግደው?"

መንገደኛው ቆሞ እስኪያየን ጮህኩበት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ከመጋዘን አዳዲሶቹን አወጣ፤ የተመረቱበትን ቀን ጎናቸው ላይ አንብቤ ተቀበልኩ። በመንገዳችን ሁሉ መሳፍንት "ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሱቁን ትምህርት ቤት አደረጉት" እያለ ሲስቅ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትክክለኛውን ጎማ መርጠናል። ይህን ዛሬም እሟገታለሁ፤ ምርጫው ትክክል ነበር።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ጎማዎቹ መሐል ላይ ተደርድረዋል። ሽማግሌው ሁሉ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ ወይፈን እንደሚገዛ ሰው እየዞረ ያያቸዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ወዳጆ ተነሡና እንዲህ አሉ፦

"ክረምት እየመጣ ነው። አዲስ ነገር ጭቃ ውስጥ አይገባም። አሮጌው እስኪበጠስ ይሂድ፤ ይሄ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ከእኔ ማድ ቤት ቆጥ ላይ ይሰቀል። ጢስ የጠጣ ሞፈር ነቀዝ አይደፍረውም፣ ሃያ ዓመት ያርሳል።"

ባለቤታቸው እትዬ ጠጄም ከሴቶቹ መካከል ሆነው "እንዳይሰነጠቅም እንደ ጠፍሩ ሞራ እቀባዋለሁ" አሉ።

መሳፍንት ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። "ጋሽ ወዳጆ፣ ይሄ እኮ ጎማ ነው! ነቀዝ ምን ሊያደርግበት?"

"አንተ መሪህን ያዝ" አለው የእድሩ ጸሐፊ በዕውቀቱ። "ዕቃ ማቆየትን ከአባቶችህ ተማር።" ሰው ሳቀ። መሳፍንት ዞሮ አየኝ።

እኔ ዝም አልኩ።

ለምን? በፋሲካ ሰሞን በዚያው ጽድ ሥር አቶ ወዳጆን ጓሳው ሳይከፈት ሣር አጭደዋል ብዬ በሰው ፊት አዋርጃቸው ነበር። ጓሳው የጋራችን ነው፤ የቀበሌው ሰው ሁሉ በሚከፈትበት ቀን ብቻ ያጭዳል፤ ከዚያ በፊት ማጨድ ሌብነት ነው። ነገሩ ሲጣራ ሣሩ የአምናው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረየሱስ ግን ዕርቁ ብቻ አልበቃቸውም። "ምላስህ ይረፍ" ብለው እስከ መስቀል ድረስ ወዳጆን በጉባኤ እንዳልቃወም በሽማግሌዎቹ ፊት ገዘቱኝ። ግዝት መጣስ ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ በሕይወቴ ለአንድ ቀን ብቻ ቁጣዬ ሲያስፈልግ፣ አፌ ታስሮ ነበር። ጎማዎቹ በሰው ትከሻ ወደ አቶ ወዳጆ ማድ ቤት ሲሄዱ ቆሜ አየሁ።

ይህ ሰበብ እስከ መስቀል ድረስ ያገለግላል። ከመስቀል በኋላስ? ደመራው ነደደ፣ ግዝቱ ወደቀ፣ እኔ ግን አልሄድኩም። ምላሴን ፈርቶ ሲሸሸኝ የነበረ ሰው በዚያ ክረምት ሰላም ሊለኝ ጀምሮ ነበር። አቶ ወዳጆም በበዓል ቀን ጠላ ጠርተውኛል፤ እዚያው ቤት ተቀምጬ ጠጥቻለሁ፤ ማድ ቤቱ አጥር ግቢው ውስጥ ነው፣ ጢሱ በሣሩ ክዳን እየሰረገ ሲወጣ ይታየኛል። እትዬ ጠጄ "መምህር፣ ጎማዎችህ ሰብተዋል፤ በየሳምንቱ ነው የምቀባቸው" ሲሉኝ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ!

በኅዳር አሮጌዎቹ አልቀው አዲሶቹ ወረዱ። ጠቁረዋል፣ ያበራሉ። መሳፍንት ጎማውን በቸርኬው ላይ ሲያስገባ ጠራኝ። "ጋሼ፣ ጎኑን ይዩት፤ የሽማግሌ ተረከዝ መስሏል።" አየሁት። ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ነበሩት። "ቀስ ብለህ ንዳ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ጎማ ከደረቀ አይመለስም። ሌላ ለመግዛትም ለእድሩ ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው።

በታኅሣሥ የአቶ ወዳጆ ልጅ ጌታነሽ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ እናቷ እትዬ ጠጄ ደግፈው መኪናው ውስጥ አስገቧት፤ እኔም ሊገፋ የሚችል ሰው ቢያስፈልግ ብዬ ገባሁ። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ዳገቱን እንደ ጀመርን የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ።

መሳፍንት ክሪኩን አውጥቶ መኪናዋን አነሣ። ትርፉን ጎማ አሰረ። እሱም ከቆጡ የወረደ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም፤ ጎኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና መኪናዋ በቸርኬዋ ተቀመጠች።

የስልክ መስመር ለማግኘት ጉብታው ላይ ሮጬ ወጥቼ ደወልኩ። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ወርዷል አሉኝ። ስመለስ ጌታነሽ የበሩን እጀታ ጨምቃ ይዛ "አባዬን ጥሩልኝ፣ አባዬን ጥሩልኝ" ትላለች። እናቷ "ማርያም ማርያም" ይላሉ። የጎማን ኬሚስትሪ በሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችላለሁ። በዚያች ሰዓት ግን መኪናዋ እንዳትንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ከማስደገፍ በቀር የምችለው ነገር አልነበረም። አንዱን ድንጋይ አደርጋለሁ፣ እርግጠኛ አልሆንም፣ ሌላ እጨምራለሁ። ስድስት ድንጋይ አደረግኩ።

መሳፍንት አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁ ሰዎችን ጠርቶ አመጣ። ቃሬዛ ታሰረ። መኪናዋን መንገዱ ላይ ትተን፣ እንደ ጥንታችን በትከሻ ተሸክመን ሄድን። ከሁለት ሰዓት በኋላ በግ የጫነ መኪና አገኘን። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ እየሮጡ ተቀበሉን፤ እናቲቱን አተረፉልን። ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ወንድ ነበር።

ትናንት እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። በዕውቀቱ መዝገቡን ገልጦ "ሾፌሩ በፍጥነት ነድቶ ጎማውን አፈንድቷል፤ ይውረድ" አለ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። አቶ ወዳጆ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ከዳኛው ወንበር ወርደው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ጠጄ አልመጡም።

መሳፍንት ሄዶ የፈነዳውን ጎማ ተሸክሞ መጣና ከሰው መሐል ጣለው። አጎንብሶ ጎኑን በጥፍሩ ፋቀው፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ጎማው አሁንም ጢስ ጢስ ይሸታል።

"ያፈነዳው ፍጥነቴ አይደለም" አለ። "ያደረቀው ቆጡ ነው። ሞራውም በልቶታል።"

"የት ተማርከው?" አለ በዕውቀቱ። "መጽሐፍ ጠቅሰህ ንገረን!"

"ደብረ ብርሃን፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ። ሙቀት ጎማን ያደርቀዋል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያስተማረኝ ሰው እዚህ ተቀምጧል።"

ስሜን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በዚህ ጽድ ሥር መልስ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ዳኛውን፣ ጸሐፊውን፣ ቄሱን ሳይቀር አስቁሜ አፋጥጫለሁ። አሁን ግን የተፈረፈረውን ጎማ እያየሁ ተቀመጥኩ።

አቶ ወዳጆ ከመሬት ተነሡ። በትራቸውን ተደግፈው እስከ አጠገቤ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር።

"እኔ ገበሬ ነኝ" አሉ። "የማውቀው ሞፈር ነው። ልጄን ጎዳሁ ብዬ ሌሊቱን ሁሉ ራሴን ስከስ ነው የማድረው። አንተ ግን መምህር ነህ፤ ግዝቱም ከወደቀ ሦስት ወሩ ነው። ተነሥ፣ መምህር። በእኔ ጆሮ አይደለም፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ ጮክ ብለህ ተናገር፤ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?"