አበልጅ የፈረመበት ማዳበሪያ

"የለም ነው የምልሽ! ማክሰኞ ወጥቷል" አለ የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ እንዳላማው፣ መዝገቡን ወደ ታየች እያዞረ። "ሁለት ኩንታል። የፈረመው አወቀ ፈንታ ነው።"

ታየች ማንበብ ባትችልም መዝገቡ ላይ አፈጠጠች። መንግሥት የደጎመው ማዳበሪያ አምበር ከተማ የደረሰው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ ስንዴው መዘራት አለበት፤ ነጋዴ ዘንድ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው። እሷ እጥፍ የምትከፍልበት የላትም። የድጎማውን ዋጋ እንኳ በሚያዝያ በግ ሸጣ ነው ለአወቀ የሰጠችው።

አወቀ እኩል አራሿ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን እያረሰ ምርቱን ይካፈላሉ። በምዝገባው ቀን መዝጋቢው "ድጎማው ለአራሽ ነው፤ ሞፈር የሚጨብጠው ይመዝገብ" ቢላት በአወቀ ስም አስመዘገበች። መሬቱ የእሷ፣ በሬዎቹ የእሷ፣ ዘሩ የእሷ! ምስክር አልጠራች፣ ወረቀት አላጻፈች። እንዴት ብላ ታጽፋለች? አወቀ ልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ነው። አበልጅን ፈርምልኝ ማለት በእነሱ አገር ከስድብ አይለይም።

መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አገኘችው።

"አበልጄ፣ ማዳበሪያውን የት አደረጉት?"

አወቀ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "መጀመሪያ ተቀመጪ እንጂ፤ ሻይ ጠጪ።"

"ለሻይ አልመጣሁም።"

"እንግዲህ ቸገረኝ። አንድ የደጀን ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ቢሰጠኝ ሸጥሁት። ለከርሞ እተካለሁ።"

"ለከርሞ? ልጆቼ ዘንድሮ ምን ሊበሉ ነው?"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። አበልጅ እኮ ነን።"

"ይስማ! ስትፈርም አበልጅነቱ የት ሄዶ ነበር? አንተ ሌባ!"

ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ዞረው አዩዋት። በክርስትና ከተዛመዱ ጀምሮ አንቱ ትለው ነበር እንጂ አንድ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። አሁን ግን ተቆጥታለች። በእሱ ብቻም አይደለም፤ ሞፈር ስላልጨበጠች ገበሬ አይደለሽም ባላት መዝጋቢም፣ ዝም ብላ ባመነች በራሷም ተናዳለች።

ወደ መጋዘኑ ስትመለስ አወቀ ከኋላዋ እየተከተለ ይለምናት ነበር። እንዳላማው ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"አቤቱታ ካስገባሽ ከመጠባበቂያው አንድ ኩንታል ያለ ተጨማሪ ክፍያ በስምሽ ይወጣል። እሱ ግን ከድጎማው ይሰረዛል፤ ጉዳዩም ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አበልጅሽ ነው። በሽማግሌ ብትጨርሱት አይሻልም?"

"ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪፈርድ የዘሩ ጊዜ ያልፋል።"

"በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ!" አለ አወቀ ከበሩ ላይ ሆኖ። "እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ። ከድጎማው ከተሰረዝሁ በምን እዘራለሁ?"

ታየች ዞር ብላ አየችው። ባሏ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። አሳዘናት፤ ማዘኗ ደግሞ ይብሱን አናደዳት።

"ይህን ማክሰኞ ዕለት ብታስበው ጥሩ ነበር" አለችው።

ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞረች። "አቤቱታውን ጻፍልኝ፤ ቀለሙንም አምጣው።"

ጽፎ ሲጨርስ አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። እንዳላማው "ይበቃል" እስኪላት ድረስ አላነሳችውም።