የበረንዳው ሐረግ

“የሠራው እሱ ነው! ይኸው ከነመሮው እፊትዎ ቆሞልዎታል!” አለ አከራዩ፣ ጣቱን ወደ አናጢው ቀስሮ።

የቅርስ ባለሙያዋ መሰላሉ ላይ እንዳለች ዞር አለች። ባትሪዋን ከበረንዳው መደገፊያ ሳታነሣ አናጢውን ከጫማው እስከ ኮፍያው አየችው። እንጨቱ ላይ የወይን ሐረግ ተጠምጥሟል፤ ቅጠሉ ሁሉ ነፋስ የነካው ይመስላል።

“እሱ?” አለች።

የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነባሩ ሐረግ በስብሶ ሲረግፍ፣ ሦስት ወር ተቀምጦ አዲሱን የቀረጸው፣ በሻይና በጥላሸት አሽቶ ዕድሜ የሰጠው አናጢው ነበር። ያን ጊዜ አከራዩ “ይሄ ሐረግ ነው ወይስ የበግ አንጀት?” ብሎ ሰፈሩን አስቆበታል። ከዚያ ወዲህም አንድ ደግ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አዲሱ የከተማ ፕላን መንገዱን ግራና ቀኝ ለዐሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ፈቅዶታል። የሚተርፈው የጥንት የእጅ ሥራ ያለበት ቤት ብቻ ነው፤ ተከራዮቹም በነበሩበት ኪራይ ይቀመጣሉ። ሐረጉ የጥንት ከተባለ አናጢውና ሚስቱ፣ ከታች ያሉት አራት ቤተሰቦችም እዚሁ ይኖራሉ። የአናጢው ነው ከተባለ ግን በሦስት ወር ውስጥ ለቀው ይወጣሉ፤ በዚያ ኪራይ ደግሞ ከከተማው ዳር እንኳ አንዲት ክፍል አይገኝም። አከራዩ ገዢ አግኝቶ ጨርሷል።

“እንዲህ ያለ እጅ በከተማው የለም፤” አለ አከራዩ፣ ከአፉ ማር ጠብ እያለ። “ሁሌም እለዋለሁ እኮ፣ እጅህ ይባረክ እለዋለሁ። አልልህም ወንድሜ?”

የአናጢው አንጀት፣ ሳይወድ በግዱ፣ ቅቤ ጠጣ። ይህን ቃል ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆታል።

“ኧረ አይሉኝም፤” አለ። “ምን ሠርቼ ይሉኛል? እኔ ነኝ ይህን የምቀርጽ? ዐይኔን ግንባር ያርገው! በር እንኳ ቀጥ አድርጌ ገጥሜ አላውቅም።”

“አያውቅም!” አለች ሚስቱ ከደጃፉ፣ ፈጥና። “የራሳችንን በር በትከሻዬ እየገፋሁ ነው የምከፍተው። እናቴ ‘ባለሙያ ነው’ ብላ ድራኝ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙያውን ስፈልግ!”

ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። አናጢውም አብሮ ሳቀ።

“ተማክረው ነው!” አለ አከራዩ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ። “እሺ፣ እዚሁ አንዲት ቅጠል ይቅረጽ! አፍ ቢዋሽ እጅ አይዋሽም።”

ባለሙያዋ ከመሰላሉ ወረደች። “ይሁን። ይቅርታ አባባ፣ ለማጣራት ያህል ነው።”

ቁራጭ ሳንቃና መዶሻ መጣለት። አናጢው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠው ሊያበላሽ ነበር፤ እጁ ግን ማበላሸት አልለመደም። መሮው የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ሄደ፤ የቅጠሉ ጫፍ ጥቅልል ብሎ ወጣ።

“እዩ! እዩ እንጂ!” አለ አከራዩ።

ባለሙያዋ አጎነበሰች። አናጢው ቀና ሳይል የሚስቱን እግር አየ፤ ጣቶቿ ነጠላ ጫማዋን ጨምድደው ይዘዋል። መሮውን አዙሮ በጅማቱ አግድም ሰካውና ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ሳንቃው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ መሮው ዘልሎ ግራ አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ።

ሚስቱ አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ከዚያ እጇን አጨበጨበች።

“አላልኳችሁም? ቢላዋ እንኳ አላስነካውም እኮ!”

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ባለፈው ዓመት አልጋ የሠራላት ጎረቤት ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ለማስመሰል ይሁን ከልቧ አናጢው አልገባውም።

“የዚያ ዘመን ሰው እጅ ዛሬ ከየት ይመጣል?” አለች ባለሙያዋ ወደ ሐረጉ ቀና ብላ። የሚሞላ ቅጽ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። “ቤቱ አይፈርስም። እርስዎ ግን አባባ፣ ከእንግዲህ የዚህን ቤት እንጨት በምስማር እንኳ እንዳይነኩ። ይህን ማስጠንቀቂያ ይፈርሙበትና የግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ሙያዎን ምን ብዬ ልጻፍ?”

ደንበኞቹ ሁሉ የሚገቡት በዚያ በር ነው። አከራዩ ደግሞ ገና አልሄደም፤ ጆሮውን አቁሞ መልሱን ይጠብቃል።

አናጢው አውራ ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠቀለለ።

“የቀን ሠራተኛ ብለው ይጻፉልኝ፤” አለ።