ሠላሳ እስኪቆጠር

ጋሽ ዘመድኩን ጃኬታቸውን ሶፋው ላይ ጣል አደረጉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ቅቤ አለ?"

"አለ፤ ለብ አድርጌዋለሁ።" ሥዩም የቅቤውን ሲኒ አቀበላቸው።

የስድስት ዓመቷ ልጁ የኔነሽ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሱዳን ውስጥ ስትወለድ ምጡ ረዝሞ አየር አጥሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሮቿ እንደ ገመድ ይወጠራሉ፤ የምትራመደው በጣቶቿ ጫፍ ነው፣ ተረከዟ መሬት አይነካም። ማክሰኞ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ሐኪሙ ለክቶ ለውጥ ካላየ የተረከዟን ጅማት በቀዶ ጥገና ሊያስረዝመው ነው።

ጋሽ ዘመድኩን ዛሬ በስደት አገር፣ ዳውንታውን የቢሮ ፎቅ ያጽዱ እንጂ ደብረ ብርሃን ሳሉ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ነበሩ። ሥዩም ሚስቱ ጥሩነሽ ሥራ እስክትወጣ ጠብቆ ነው ወደ ቼሪ ስትሪቱ አፓርታማ የጠራቸው። አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ይመልሱልኛል ብሎ ነበር። አሁን ግን ወፍራም አውራ ጣቶቻቸውን ሲያይ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። ቢሰብሯትስ?

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ።

"አልነካትም። ቅቤውን ሽሮ ላይ ጨምረው።"

"ምነው ጋሼ?"

"የወለቀ የለ፣ የተሰበረ የለ። ምኑን ልመልስ? ይሄ የጅማት ነገር ነው፤ ብስበው እጎዳታለሁ።" ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተጠግተው አዩ፤ የእግር ሥዕሎች፣ ከሥራቸው ትናንሽ ሳጥኖች አሉበት። "ይሄስ?"

"እንቅስቃሴ የምታሠራት ቴራፒስት የሰጠችን ነው። የእግሯን ጫፍ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሠላሳ እስኪቆጠር መያዝ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ። ከተሠራ በኋላ ምልክት ይደረጋል።"

"ሳጥኑ ሁሉ ሞልቷል እኮ። ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ነው እንዲህ የደረቀው?"

ጥሩነሽ ከሰዓት በኋላ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ስለምትገባ ቴራፒው የሥዩም ድርሻ ነው። የኔነሽ ግን ገና እግሯን ሲይዛት "ስቶፕ ዳዲ" ትላለች። አምስት ሳይደርስ ይለቃትና የቴሌቪዥኑን አንቴና አስተካክሎ ካርቱን ይከፍትላታል። ጥሩነሽ እንዳትቆጣ ደግሞ ሳጥኑ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። እንዲህ ሲያደርግ ስድስት ሳምንቱ ነው።

"ታለቅሳለች ጋሼ። አንጀቴ አልችል አለ።"

"እኔ አንጀቴን ብሰማ ኖሮ ወረዳው ሁሉ አንካሳ ነበር።" ጃኬታቸውን አነሱ። "ለመሆኑ ሐኪሙ ይሄን ወረቀት ሲያይ ምን የሚል ይመስልሃል? ስድስት ሳምንት ሙሉ ተሠርቶ ካልተለወጠ ጅማቱን መቁረጥ ነው ይላል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የምለው።"

ሥዩም ይሄ አልታየውም ነበር። ሽማግሌው ከወጡ በኋላም በሩ ጋ ቆሞ ቀረ። ልጁን ለቢላዋ የሚያቀርባት የገዛ እርሳሱ ነው።

ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና ተረከዟን በመዳፉ ያዘ።

"ኖ ዳዲ።"

"እሺ፣ አንቺ ቁጠሪ። ሠላሳ ስትዪ እለቅሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አልለቅም።"

"ፋስት?"

"ቀስ ብለሽ።"

"ዋን... ቱ..." አሥራ አንድ ላይ እንባዋ ወረደ። እጁ ሊለቃት ቃጣው፤ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ሃያ አምስት ላይ ጅማቱ ከመዳፉ ሥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ላላ አለ።

"ሰርቲ" አለች ቶሎ ብላ። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ስንት ቀረ?"

"ዘጠኝ።"

"ቱ መች፤ በዛ።"

"ኦኬ፣ እግርሽን አምጪ።"

አሥሩን ሲጨርሱ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀለ። ላጲስ ፈልጎ ከመጀመሪያው ሳጥን ጀምሮ አንድ በአንድ አጠፋ፤ የዛሬውን ብቻ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ወስዶ ጥሩነሽ ስትገባ ካፖርቷን ከምትሰቅልበት ማንጠልጠያ አጠገብ ለጠፈው።