ለፍቅሩ የተቀዳ ቴፕ

ዘፈኑ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ሰይፈሥላሴ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ አውቆታል። የሟቹ የፍቅሩ ድምፅ አይደለም። የራሱ ነው።

መጀመሪያ ጆሮውን ጠረጠረ። ያረጀ ጆሮ ደግሞ ያልሆነውን ይሰማል። ቀጥሎ ግን ከዘፈኑ ሥር፣ ከሩቅ፣ የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። ቴፑን ያጸዳው ስቱዲዮ ሁሉንም ኮሽታ አጥቦ ሲያወጣ ያንን አላገኘውም። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው የቀበሌ ቤቱ፣ መስኮቱን በፍራሽ ደፍኖ፣ ቴፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲዘፍን ባቡሩ የመጣበት ቀን ትዝ አለው። ያን ቀን ባቡሩን ረግሞት ነበር።

የፍቅሩ ልጅ ሶሊያና ሶፋው ጠርዝ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ እንኳ አትጠርገውም። በአባት ብቻ የሚገናኙት ወንድሟ ዮሚፍ በረንዳው በር ላይ ተደግፎ የገላን ኮንዶሚኒየምን ሕንጻዎች ያያል። የሶሊያና እናት አስካለማርያም ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ በዱካ ላይ ተቀምጣ ሰይፈሥላሴን ብቻ ታያለች።

ዘፈኑ አለቀ።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ሰሙት አይደል?» አለች ሶሊያና። «አባዬ በሕይወቱ እንዲህ ዘፍኖ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ ሰይፈሥላሴ። እውነቱን ነው።

«በቃ! ሰማህ ዮሚ? አብሮት የሠራ ሰው ነው የሚመሰክረው።»

«ጥሩ አይደለም መቼ ወጣኝ?» አለ ዮሚፍ ፊቱን ሳይመልስ። «እኔ ያልኩት አባዬ አታውጡት ብሏል ነው። ሆስፒታል ተኝቶ፣ እጄን ይዞ፣ ‹ያንን ቴፕ እንዳታወጡት› ብሎኛል። አንቺ ግን ቪው ልትሰበስቢበት ቸኩለሻል።»

«አንተ ሆስፒታል የመጣኸው ስንቴ ነው? እስቲ ለጋሼ ንገራቸው!»

«የቀረሁት አንቺ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ስለቆምሽ ነዋ።»

ሰይፈሥላሴን የጠሩት ለዚህ ነው። ፍቅሩ ካረፈ ጀምሮ እነዚህ ሁለት ልጆች በአንድ ቴፕ ተጣልተው ከርመዋል። ቴፑ የተገኘው ከአባታቸው አልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ «ፍቅሩ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሶሊያና ሳሪስ አቦ አንድ ስቱዲዮ ወስዳ አስጸዳችው፣ ኪቦርድና ቤዝ አስገባችበት፣ ለሙት ዓመቱ ልትለቀው ተነሣች። ዮሚፍ ከለከለ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱም የተስማሙት ይኸው በሰይፈሥላሴ ብቻ ሆነ፤ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ከአባታቸው ጋር የነበረ፣ ዛሬም በእግሩ የሚሄድ ሌላ ሰው የለም። ይውጣ ካለ ይወጣል፣ ይቅር ካለ ይቀራል።

ፍርድ ሲያጡ ትዝ አልኳቸው፣ ብሎ ነበር በልቡ፣ ሲመጣ ሚኒባስ ውስጥ። ፍቅሩ ሲሸለም የጠራው የለም። ፍቅሩ ሲቀበር እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ከሰፈር ሰው ጋር፣ ሳህን ከሚያቀብሉት ጎን ነው የተቀመጠው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያም በፊት ነው። ኪነቱ ሲመሠረት ሁለቱም ከሽመና ክፍል ወጥተው ተፈተኑ። ሰይፈሥላሴ ዘፍኖ ሳይጨርስ ኃላፊው እጁን አነሣና፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ባለበት፣ «ጓድ፣ ድምፅህ ለመድረክ አይሆንም። ዜማ ግን ሳትችል አትቀርም» አለው። ሰው ሳቀ። ፍቅሩም ሳቀ፤ ሌላው ቢረሳ ይህን አይረሳም። ከዚያ ወዲህ ዜማ አውጪ ሆኖ ቀረ። የፍቅሩ ካሴት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የገጣሚው ስም፣ የጊታሪስቱ ስም፣ የፎቶ አንሺው ስም ሳይቀር ሰፈረ። ዜማው ጋ ሲደርስ ግን «የሕዝብ» ይላል። ሰይፈሥላሴ ተሰማ ሕዝብ ሆነ ማለት ነው። ሄዶ ሲጠይቅ ፍቅሩ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ምን ልዩነት አለው ሰይፉ፣ እኛው አይደለን?» አለው።

በዚያ ዘመን ዜማ አውጪ ዜማውን በካሴት ቀድቶ ነው ለዘፋኙ የሚሰጠው። ዘፋኙ ቤቱ ወስዶ እንዲያጠናው፣ ቶሎም እንዲገባው፣ በራሱ በዘፋኙ አዘፋፈን፣ የእሱን የድምፅ አጣጣል አስመስሎ ይቀዳለታል። ካሴቱ ላይ የሚጻፈውም የሚዘፍነው ሰው ስም ነው። የሚያንጎራጉረውን ሰው ስም ማን ይጽፋል? «ፍቅሩ» ብሎ የጻፈው ሰይፈሥላሴ ራሱ ነው፣ በእርሳስ። ፍቅሩ ቴፑን ወሰደ፤ ይኸው እስኪሞት ድረስ አልዘፈነውም።

«ሻይህ በርዷል፤ ና ልቀይርልህ» አለች አስካለማርያም።

ብርጭቆውን ይዞ ተከተላት። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ጅቡቲ መንገድ ስለሚያይ የከባድ መኪናው ጩኸት አይቋረጥም። ቴርሞሱን አነሣች፤ አልቀዳችም።

«አወቅከው» አለች በዝግታ።

«አንቺስ?»

«እኔ ከእሱ ጋር ስንት ዘመን ተኛሁ፤ ድምፁ ይጠፋኛል?» ቴርሞሱን መልሳ አስቀመጠችው። «ማታ ማታ ይከፍተው ነበር። ልትዘፍነው ነው ወይ ስለው ‹ከዚህ በላይ ምን አድርጌ ልዝፈነው› ይለኛል። ታሞ እንኳ ሲያዳምጠው ነው የከረመው።»

ሰይፈሥላሴ ግድግዳውን ተደገፈ። ደስ ሊለው በተገባ ነበር። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቃል ይህችው ናት። ከሞተ ሰው አፍ፣ በሚስቱ በኩል፣ ወጥ ቤት ውስጥ መጣችለት። አለመምጣቷ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

«ለእኔ ምነው አልነገረኝ?»

«ፍቅሩ ነዋ። እሱ ለማን ምን ተናግሮ ያውቃል።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ሰይፉ፣ ለልጅቷ እንዳትነግራት። አባቷን ያገኘችው እዚህ ቴፕ ላይ ነው። እሱ መድረክ ለመድረክ ሲዞር ነው ያደገችው። ይውጣ በልና ተገላገል፣ ምን ትጎዳለህ?»

ምን ይጎዳል? አሰበው። ቢናገር ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ታየዋለች፤ ያ የሚያስለቅሰው ድምፅ ባለቤቱ እሱ መሆኑ በታወቀበት ደቂቃ፣ እንደዚያ የፈተና ቀን፣ ለመድረክ የማይሆን ይሆናል። ሰው የሚያለቅሰው ለፍቅሩ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ድምፁ በየታክሲው፣ በየሱቁ ይዘፍናል፤ ከሥሩ የፍቅሩ ፎቶ ይለጠፋል። ዜማውን ሰጥቶታል። ስሙንም ሰጥቶታል፣ ወይም ወስዶበታል፤ ያው ነው። ጉሮሮውን ግን አይሰጠውም።

ወደ ሳሎን ተመለሰ። ሳይቀመጥ ቆመ።

«አይውጣ» አለ።

ዮሚፍ ከበሩ ዞረ። ደስ ያለው አይመስልም፤ ግር ብሎታል። «ምክንያቱን አይነግሩንም ጋሼ?»

«አባትህ አታውጡት ብሏል አላልክም? በቃ፣ ብሏል።»

«እሱን መቼ ጠየቅን!» ሶሊያና ተነሣች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ሰፋ። «አሁን ‹እንዲህ ዘፍኖ አያውቅም› አላሉም? በዚህ አፍዎ? ምን ተገኘ ወጥ ቤት ገብተው ሲወጡ?» እናቷን አየች፤ እናቷ አቀረቀረች። «ገባኝ። አባዬ ነግሮኛል። ‹ሰይፉ ጎበዝ ነው፣ ግን ቂሙ አያሠራውም› ይለኝ ነበር። ያኔም ቀንተውበታል፣ አሁን አፈር ውስጥ ሆኖም አልተዉትም!»

«ሶሊ!» አለች አስካለማርያም።

«ተይኝ እማዬ! ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ፣ ሳጥን ውስጥ ይቀበር ይሉ ነበር?»

ሰይፈሥላሴ ተመለከታት። ልጅቷ በእልህ ተሞልታ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ቁርጥ አባቷን መስላ ቆማለች። ዮሚፍም ይጠብቃል። አስካለማርያም ዓይኗን ጨፍናለች።

ኮፍያውን ከሶፋው ላይ አንሥቶ አጠለቀ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለና ወጣ።

ደረጃው ጨለማ ነው፤ አምፖሉ ተነቅሏል። ብረቱን እየደገፈ፣ ጉልበቱን እየተማጸነ ወረደ። ከላይ የልጆቹ ጭቅጭቅ ይሰማዋል፣ ቀጥሎ በር ተወረወረ፣ ቀጥሎ ጸጥ። ምድር ቤት ሲደርስ ስፒከሩ እንደገና ተከፈተ። ሶሊያና እልኋን ልትወጣ ነው መሰለው፣ ድምፁን እስከ ጥጉ ጨምራዋለች። ዘፈኑ በበረንዳው ወጥቶ፣ ልብስ የተሰጣበትን ሽቦ አልፎ፣ ግቢው ላይ ወረደ። ይኼ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት አየር የሚስበው ሰው ወጣት ነው። ምንም አይፈራም። መስኮቱን በፍራሽ ደፍኗላ።

ደረጃው ሥር ሱቅ ያላት ዘኪያ ሽንኩርት ከጆንያ ወደ ሳጥን እየገለበጠች ነበር። እጇ መሀል ላይ ቆመ። ሽበታሙን ሰው ከሕንጻው ሲወጣ አየችውና ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ከላይ ነው የመጡት? ሰሞኑን ጠዋት ማታ ይኸንን ይከፍቱብኛል። ዘፈን ብዙም አልወድ፣ ይኼ ግን ሥራ አስፈታኝ።» ሽንኩርቱን እንደያዘች ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና አለች። «ለመሆኑ ማን ነው ዘፋኙ?»

ሰይፈሥላሴ ቆመ። ከመንገዱ ከባድ መኪና አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቀው። ዘኪያም መልሱን ትጠብቃለች፤ የማንንም አባት አታውቅ፣ ማንንም ቀብራ አታለቅስ።

ኮፍያውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ።